ተቀምጦ የሚመረመር ትንፋሽ

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሮች ስለ ሳምባ በሽታ ለመጻፍ ምን ሥልጣን አላቸው ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። የሕክምና ፋኩልቲ ወዳጆቻችን ይህንኑ ጥያቄ ገና ብዕር ሳናነሣ በምግብ አዳራሽ አንሥተውልናል። መልሳችን አጭር ነው። ነገሩ የተበላሸው በቃል ነው፤ የሚቃናውም በከፊል በቃል ነው፤ ስለ ቃል ከመናገር ደግሞ የሚከለክለን የለም።

ከመካከላችን የአንዱ እናት በአገር ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ በማገዶና በኩበት እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዳገት ሲወጡ ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። ልጃቸው ለዕረፍት ወደ ቤት በሄደ ጊዜ፥ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሁለት ሦስት ጊዜ መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ዐረፍ ሲሉ አየና «እማዬ፥ ምን ሆነሻል?» ቢላቸው፥ «እርጅና ነው ልጄ፤ ሌላ ምን ይሆናል» አሉት። ዕድሜያቸው ግን ገና ሃምሳ ሁለት ነው። ልጁ ለምኖም ተቆጥቶም ወደ አንድ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምረው ተራ ሲጠብቁ ቆይተው ወደ ምርመራ ክፍል የገቡት አምስት ሰዓት ላይ ነው። አምስት ሰዓት ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ትንፋሹ ያርፋል። ሐኪሙ ማዳመጫውን በጀርባቸው አሳርፎ አዳመጠ፤ አክታ አስመረመረ፤ ራጅ አስነሣ፤ የሳምባ ነቀርሳ አልተገኘም። «እናቴ፥ ደህና ነሽ፤ ምንም የለብሽም» ብሎ በደግ ቃል አሰናበታቸው። እናቲቱ ደስ አላቸው፤ ልጅየውም ደስ አለው። ከዚያም ከሐኪም ቤቱ በር እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ያለችውን ትንሽ ዳገት ለመውጣት ሦስት ጊዜ ቆሙ።

በሐኪሙ ላይ ክስ የለንም። ሰውየው ያየውን ተናገረ። ያየው ግን አርፎ የተቀመጠ ሰው ነው። የቆመ መኪና ሞተሩን እንኳ ሳያስነሣ «ይህ ዳገት ይወጣል» ብሎ የሚፈርድ መካኒክ አናውቅም፤ የሰው ሳምባ ሲሆን ግን ይህን ፍርድ በየቀኑ እንሰማለን።

በሽታው ሲቀመጡ የሚደበቅበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጭስ፥ ትምባሆ ወይም አቧራ ለብዙ ዘመን የጎዳው ሳምባ የአየር መተላለፊያ ቧንቧዎቹ ይጠባሉ። አፈ ጠባብ እንስራ ቢደፉት ውኃው ቶሎ አይወርድም፤ ጊዜ ከሰጡት ግን ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሰው ሲቀመጥ ለመተንፈስ ጊዜ አለው፤ የገባው አየር ቀስ ብሎ ይወጣል። ዳገት ሲጀምር ግን ትንፋሹ ይፈጥናል፤ የፊተኛው አየር ወጥቶ ሳያልቅ ሌላው ይገባል፤ አየር በአየር ላይ እየተጠራቀመ ደረት ይነፋል፤ በመጨረሻም አዲስ አየር የሚገባበት ስፍራ ይጠፋል። «ትንፋሼ ቁርጥ ይላል» የሚሉት እናቶች ይህን ነገር ከመጽሐፍ ሳይማሩ በትክክል ይናገሩታል።

እናቲቱ እውነቱን ያገኙት ከአንድ ዓመት በኋላ በሌላ ስፍራ ነው። አንዲት ወጣት ነርስ የካርዱን ጽሑፍ አንብባ ስታበቃ «እማማ፥ ይነሡና እስቲ ትንሽ እንራመድ» አለቻቸው። በኮሪደሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ሄዱ። ሁለተኛውን ዙር ሳይጨርሱ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። በካርዱ ላይ ስለ ትንፋሽ ማጠር የተጻፈ ቃል የገባው ያን ጊዜ ነው፤ ስፒሮሜትር ወዳለበት ሐኪም ቤት የተላኩትም በዚያ ቃል ነው። ነርሷ ያደረገችው ነገር ምንም መሣሪያ አልጠየቀም፤ ኮሪደርና ሰዓት ብቻ።

ይህ መራመድ ያልተጠና ብልሃት እንዳይመስል ታሪኩን ባጭሩ እንንገር። (ዘመኖቹን የምንጽፈው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።) ኬኔት ኩፐር የተባለ የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም ወታደሮች በ12 ደቂቃ ውስጥ የሚሮጡትን ርቀት በመለካት የሰውነታቸውን ብርታት መገመት እንደሚቻል በ1968 ጻፈ። በ1976 በብሪታንያ ማክጋቪንና ባልደረቦቹ ሩጫውን ወደ እርምጃ ለውጠው ሥር የሰደደ ብሮንካይትስ ላለባቸው ሕመምተኞች አዋሉት። በ1982 ደግሞ በትላንድና ባልደረቦቹ 12 ደቂቃ ለታመመ ሰው ብዙ ነው በማለት የ2፥ የ6 እና የ12 ደቂቃን እርምጃ አነጻጸሩ፤ 6 ደቂቃው በቂ ሆኖ ተገኘና በዓለም ሁሉ ተሠራበት። የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ማኅበር በ2002 ባወጣው መመሪያ መሠረት የሚያስፈልገው 30 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ሜዳማ ኮሪደር፥ የዙር ምልክት፥ ሰዓትና አንድ ወንበር ነው። ሕመምተኛው በደከመው ጊዜ ሊቆም ይችላል፤ ሰዓቱ ግን አይቆምም። ያው ሰው ከሕክምና በኋላ እንደገና ቢፈተን ወደ 30 ሜትር ያህል መጨመሩ ወይም መቀነሱ ቁም ነገር እንደሆነ በ2014 የወጣው የአውሮጳና የአሜሪካ ማኅበሮች መመሪያ ይናገራል።

እዚህ ላይ የእኛ ፋኩልቲ ጉዳይ ይጀምራል። መመሪያው ኮሪደሩን ብቻ ሳይሆን ፈታኙ በየደቂቃው የሚናገረውን ቃል ጭምር ወስኖ ጽፎአል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያስፈለገበት ምክንያት አለ፤ በ1984 በካናዳ ጋያትና ባልደረቦቹ ሕመምተኞችን እያበረታቱና ሳያበረታቱ በማስኬድ ፈትነው፥ የሚበረታታው ሰው ይበልጥ ርቀት እንደሚሄድ አሳዩ። እንግዲህ ቃል በሜትር ይለካል ማለት ነው! በቋንቋና በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ይህን ያህል ግልጽ የሆነ የቃል ኃይል ማስረጃ ያስተማረን የለም።

በአማርኛ ስናደርገው ምን እንላለን? አንዱ ፈታኝ «በርቱ፥ አይዞዎት እማማ፥ እመብርሃን ትርዳዎት» እያለ አብሮ ይሄዳል፤ ሌላው ሰዓቱን እያየ ዝም ይላል፤ ሦስተኛው «ቶሎ ቶሎ በይ እንጂ» ይላል። ያች አንዲት ሴት በሦስቱ ፊት ሦስት ልዩ ልዩ ሳምባ ያላት ትመስላለች። ከዚህም ሌላ «የቻሉትን ያህል ርቀት ይሂዱ» የሚለው ትእዛዝ በእኛ አገር ቀላል አይደለም። ነጠላዋን አጣፍታ በልጆች ፊት የምትሄድ ባልቴት መቻኮልን እንደ ነውር ትቆጥረዋለች፤ ቀስ ብሎ መሄድ ጨዋነት ነው። ኮሪደሩ ላይ የሚያውቁት ሰው ከመጣም ነገሩ አበቃ፤ ቤተሰብ፥ ከብት፥ አዝመራ፥ ሁሉ ደህና መሆኑ ሳይጠየቅ ማን ያልፋል? ስድስቱ ደቂቃ በሰላምታ ያልቃል። ይህን ስንል መቀለዳችን ብቻ አይደለም። ፈታኙ አስቀድሞ «እማማ፥ ይህ ምርመራ ነው፤ ሰው ቢያገኙ ሰላምታውን እኔ አደርስልዎታለሁ፤ እርስዎ እንደሚቸኩል ሰው ይሂዱ፤ ሲደክምዎት ይቁሙ፥ ነውር የለውም» ብሎ በወጉ ካልተናገረ የተለካው ሳምባ ሳይሆን ይሉኝታ ነው።

ከእርምጃው የሚቀድመው ደግሞ ጥያቄ ነው፤ ይህም ከወንበር ሳይነሡ የሚደረግ ቢሆንም ስለ ዳገቱ የሚጠይቅ ነው። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ1945 በደቡብ ዌልስ፥ በካርዲፍ አጠገብ፥ ስለ ከሰል ቆፋሪዎች የሳምባ አቧራ በሽታ የሚመረምር ክፍል አቋቋመ። የመጀመሪያው ኃላፊ ቻርልስ ፍሌቸር የተባለ ሐኪም ነበር። በቆፋሪዎቹ ዘንድ ጥያቄው የእንጀራ ጥያቄ ነበረ፤ አቧራ ሳምባውን የበላው ሰው ካሣ ይገባዋልና፥ ምን ያህል እንደተጎዳ መለካት ነበረበት። ፍሌቸርና ባልደረቦቹ ራጁ ብቻ የሰውየውን ድካም እንደማይናገር አዩ። ስለዚህ ሰውየውን ጠየቁት። በ1950ዎቹ ከዚህ ሥራ የወጣው መለኪያ አምስት ደረጃ አለው፤ በከባድ ሥራ ጊዜ ብቻ ትንፋሽ የሚያጥረው፤ ሲቸኩል ወይም ትንሽ ዳገት ሲወጣ የሚያጥረው፤ በሜዳ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ የሚቀር ወይም በራሱ እርምጃ ሲሄድ የሚቆም፤ በሜዳ መቶ ሜትር ያህል ሄዶ የሚቆም፤ በመጨረሻም ከቤት ለመውጣት የማይችል ወይም ልብስ ሲለብስ ሲያወልቅ ትንፋሽ የሚያጥረው። እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ላይ የሚሠራበት ይኸው ነው። ዋጋው የአንድ ወረቀት ዋጋ ነው።

ጥያቄው የተወለደው በዌልስ ተራሮች መካከል ለወንዶች ነው። እኛ ዘንድ ሲመጣ ቃል በቃል ቢገለበጥ ይሰናከላል። «በሜዳ ላይ» የሚለውን ለአንኮበር ሰው ብትጠይቁት የትኛው ሜዳ ነው ብሎ መልሶ ይጠይቃችኋል። «ከእኩዮችዎ ወደ ኋላ ይቀራሉ ወይ?» ብትሏት ሴቲቱ አልቀርም ትላለች፤ እውነትዋንም ነው፤ እኩዮቿ እንዳትሸማቀቅ ብለው እርምጃቸውን ያዘገዩላታልና። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ትንፋሹ የሚያጥር ሰው ሳያውቀው ኑሮውን ያጠብባል። በመጀመሪያ የሩቁን ገበያ ይተዋል፤ ቀጥሎ የቅርቡን፤ ቀጥሎ ለቅሶ መድረስ ይቀራል፤ ከዚያ ደጁን። ያን ጊዜ «ትንፋሽ ያጥርዎታል?» ብትሉት «የለም፥ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ዋሽቶ አይደለም፤ ትንፋሽ የሚያሳጥረውን ነገር ሁሉ ስለ ተወ ነው።

ስለዚህ በእኛ አሳብ በአማርኛ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያደክምዎታል?» መሆን የለበትም፤ «ዓምና ያደርጉት የነበረ፥ ዘንድሮ የተዉት ምን አለ?» መሆን አለበት። ቀጥሎም «ያን ሥራ አሁን ማን ይሠራልዎታል?» የዚያ የጓደኛችን እናት ለመጀመሪያው ጥያቄ ቢያንስ ሦስት መልስ ነበራቸው፤ ውኃ መቅዳት፥ ማገዶ መልቀም፥ እህል ወደ ወፍጮ ቤት መውሰድ። ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ አንድ ነው፤ ታናሽ እኅቱ። ልጅቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ከክፍልዋ አንደኛ መሆንዋ ቀርቶ ሳምንቱን እኩሌታ የማትገኝ ተማሪ ሆናለች። ወንድምዋ፥ ያውም በዩኒቨርሲቲ የሚማረው፥ ሰነፈች ብሎ ሁለት ደብዳቤ ጽፎ ተቆጥቷት ነበር። ይህን ሲነግረን ቀና ብሎ አላየንም። የእናት ሳምባ በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ማዳመጫ አይነግርም፤ ጥያቄ ነው የሚነግር።

ስለ ሌሎቹ ቀላል ፈተናዎች ጥቂት እንበል፤ ሁሉም እኩል የሚታመኑ አይደሉምና። በ1959 ስናይደርና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የጻፉት የክብሪት ፈተና አለ፤ የተለኮሰ ክብሪት ከአፍ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ይያዛል፤ ሰውየው ከንፈሩን ሳያሞጠሙጥ አፉን ከፍቶ በትንፋሹ እንዲያጠፋው ይጠየቃል። ያልቻለ ሰው ቧንቧው መጥበቡ ይጠረጠራል። በኩራዝ ያደገ የአገር ቤት ልጅ ሁሉ ይህን ፈተና ያውቀዋል፤ አያቱ ኩራዙን እፍ ብለው ማጥፋት አቅቷቸው «ና አጥፋልኝ» ያሉት ቀን ትዝ ይለዋል። ሌላው ፈተና በሰዓት የሚደረግ ነው፤ ሰውየው አየር እስኪሞላ ስቦ በኃይል እስከ መጨረሻው ሲያወጣ ሐኪሙ ማዳመጫውን በጉሮሮው ላይ አድርጎ ይቆጥራል፤ ትንፋሹ ከ6 ሰኮንድ በላይ ከተጓተተ መንገዱ ጠባብ መሆኑን ያጠራጥራል። ለአንድ ደቂቃ ከወንበር እየተነሡ መቀመጥም አለ፤ ኮሪደር ለሌለው ጤና ኬላ ይህ ይበጀዋል። ነገር ግን በርጩማ ከወንበር ያጥራልና ዛሬ በወንበር ነገ በበርጩማ ተፈትኖ ውጤቱን ማነጻጸር አይቻልም።

በአንድ ትንፋሽ መቁጠር የሚባለው ደግሞ ለእኛ ከሁሉ ይበልጥ የሚጥም፥ ከሁሉም ይበልጥ የሚያስፈራ ነው። ሰውየው አየር ስቦ አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት እያለ እስከሚችለው ይቆጥራል። በመኝታ ቤታችን ሞከርነው። ከመካከላችን አንዱ በአንድ ትንፋሽ በእንግሊዝኛ የደረሰበት ቁጥር በአማርኛ ከደረሰበት በብዙ በለጠ። ሳምባው ያው ነው። ምክንያቱን ለማግኘት የሕክምና ትምህርት አያስፈልግም፤ ከአንድ እስከ አሥር ያሉት የእንግሊዝኛ ቁጥሮች ከሰባት በቀር ሁሉም በአንድ ምት ያልቃሉ፤ የአማርኛዎቹ ግን ከአንድና ከሦስት በቀር ሁሉም ሁለት ሁለት ምት ናቸው። ስለዚህ በሌላ ቋንቋ የተገኘን ቁጥር ለእኛ ሕመምተኛ ድንበር ማድረግ በሌላ ሰው ክንድ ጨርቅ እንደ መለካት ነው። ያው ሰው በያው ቋንቋ፥ በያው ምት፥ ዛሬና በሚመጣው ወር ቢቆጥር ግን ራሱን ከራሱ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ያም ሆኖ ልንታለል አይገባም። በ2016 የታተመ አንድ የአቆጣጠር ፈተና፥ ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው እስከ 30 እንዲቆጥር የሚያደርግ፥ በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ሐኪሞች በስልክ ሊጠቀሙበት ሲነሡ በኦክስፎርድ ያሉ ተመራማሪዎች ደህና ያልሆነውን ደህና ነው ሊያሰኝ ይችላልና ተዉት ብለዋል። ቀላል የሆነ ሁሉ መልካም ነው አንልም።

አሁን ወደ ሕክምና ፋኩልቲ ወዳጆቻችን ክርክር እንመለስ፤ ክርክሩ ጠንካራ ነውና አንሸሸውም። እንዲህ ይላሉ፤ «እናንተ በኮሪደርና በክብሪት ስትመኩ መንግሥት ስፒሮሜትር ላለመግዛት ምክንያት ያገኛል። ሀብታሙ በመሣሪያ፥ ድኻው በቆጠራ ይመረመር ማለት ነው። ደግሞም ትንፋሽ የሚያጥረው ሁሉ የሳምባ በሽተኛ አይደለም፤ ልቡ የደከመ፥ ደሙ ያነሰም ዳገት ላይ ይቆማል።»

የመጨረሻው ነገር እውነት ነው፤ እንቀበላለን። ሥር የሰደደ የቧንቧ መጥበብ አለ ለማለት ስፒሮሜትር የግድ ነው፤ ቧንቧ የሚያሰፋ መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ ሰውየው በመጀመሪያው ሰኮንድ በኃይል ያወጣው አየር ከጠቅላላው 70 በመቶ በታች ሲሆን ነው በሽታው የሚረጋገጠው። ኮሪደር ይህን አይተካም። እኛ የምንለው ሌላ ነው፤ ማን ወደ መሣሪያው ይላክ የሚለውን ኮሪደሩ ይመልሳል፤ መሣሪያው ውጤቱን ከሰጠ በኋላም ሴቲቱ ከቤቷ እስከ ምንጩ ትደርሳለች ወይ የሚለውን የሚመልሰው ያው ኮሪደር ነው። በስፒሮሜትር እኩል ቁጥር ያላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ሲያርስ ሌላው ደጅ መውጣት ሊያቅተው ይችላል። ሐኪሙ ያን እናት በዚያ ቀን ቢያስኬዳቸው ኖሮ መሣሪያውን ያላየ ሐኪም ቤት እንኳ ወዴት እንደሚልካቸው ባወቀ ነበር። የጠፋው መሣሪያ አልነበረም፤ «ይነሡ» የሚል ቃል ነው።

መሣሪያ ከሰው ቃል ንጹሕ ነው የሚሉትን ግን አንቀበልም። ስፒሮሜትርን በ1846 ለዓለም ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ጆን ሃቺንሰን ከ2,000 በላይ ሰዎችን ለክቶ የሳምባ ልክ ከቁመት ጋር እንደሚሄድ አሳየ፤ መልካም ሥራ ነው። ብዙ ሳይቆይ ግን በአሜሪካ ሳሙኤል ካርትራይት የተባለ የባርነት ጠበቃ ሐኪም ያንኑ መሣሪያ ይዞ የጥቁሮች ሳምባ ከነጮች በ20 በመቶ ያንሳል አለ፤ ይህንንም ለባርነት ማስረጃ አደረገው። የዚያ አሳብ ዘር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በመሣሪያዎቹ ውስጥ ኖሮአል፤ ለጥቁር ሰው ከ10 እስከ 15 በመቶ ቅናሽ እየተደረገ፥ የተጎዳው ሳምባ «ለዘሩ ደህና ነው» ይባል ነበር። የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ማኅበር ዘርን የሚለይ ስሌት ይቅር ያለው በ2023 ነው። በጣት ላይ የሚቆነጥጠው የኦክስጅን መለኪያም ቢሆን፥ ጥቁር ሕመምተኞች ኦክስጅናቸው ወርዶ ሳለ ደህና የሚላቸው ጊዜ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሆነ በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት አሳይቶአል። መሣሪያም እንግዲህ አፍ አለው፤ ማን እንዳስተማረው መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን የምንለው መሣሪያ አይገዛ ለማለት አይደለም። ይገዛ፤ በየወረዳው ይገዛ።

ድኻውን በቆጠራ የሚለው ግን እውነቱን ለመናገር አሳዝኖናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 ይህ የሳምባ በሽታ 3.23 ሚሊዮን ሰዎች ገድሎአል፤ ከ70 ዓመት በታች ሆነው ከሚሞቱት ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ያሉ ናቸው። የእኛ እናቶች በዚህ ቁጥር ውስጥ ቢኖሩ እንኳ ብዙዎቹ በስሙ አልተጠሩም፤ ስማቸው «እርጅና» ነው። በገጠር ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፥ ሥራው በ2003 ከተጀመረ ወዲህ ከቤት ቤት የምትሄደው እርሷ ናትና፥ ጭሱንም ማጀቱንም ዳገቱንም በዓይኗ ታያለች። እርሷ አምስት ጥያቄና አንድ ገመድ ቢኖራት ከተማ ያለው ሐኪም በአምስት ሰዓት ወረፋ የማያየውን ታያለች። ይህ የድኻ ሕክምና ከተባለ ይባል፤ በብሪታንያም በካናዳም ስፒሮሜትር እያላቸው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? የሕክምና ተማሮች ስለ ሳምባው ያውቃሉ፤ እኛ ስለ ጥያቄው እናውቃለን እንላለን፤ እስቲ እንፈተን። በኅብረቱ ሥር አንድ ትንሽ ጓድ ተቋቁሞ የአምስቱን ደረጃ ጥያቄና የስድስቱን ደቂቃ ቃል በአማርኛ፥ በኦሮምኛ፥ በትግርኛ፥ በሶማልኛ፥ በሲዳምኛና በሌሎቹም ተማሮቻችን በሚናገሩአቸው ቋንቋዎች እንዲያዘጋጅ አሳብ እናቀርባለን። መገልበጥ አይደለም የምንለው። በእያንዳንዱ አገር ሰው ምን ሲያደርግ ትንፋሽ ያጥረዋል፥ ሲደክመው ምን ይላል፥ ለሽማግሌና ለባልቴት በምን ቃል «ቶሎ ይበሉ» ይባላል የሚለውን ከቤተሰባችን ጠይቀን መጻፍ ነው። ከዚያ ለሕክምና ፋኩልቲ እናስረክባለን፤ እነርሱ በሕመምተኛ ዘንድ ይፈትኑት፤ የማይረባውን ያውጡ። ጥያቄ ተሠርቶ ሳይፈተን ለሕመምተኛ አይሰጥምና በዚህ ላይ ትሕትና ይኖረናል።

ከዚያ በፊት ግን ለማንም ፈቃድ ሳንጠይቅ የምናደርገው ነገር አለ። በሚመጣው ዕረፍት ወደ ቤት ስንሄድ ከእናታችን ጋር ወደ ገበያ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ፤ ወደ መስጊድም የሚሄድ ይሂድ። ከፊት ከፊት አንሩጥ፤ ከጎናቸው ሆነን የት የት እንደሚቆሙ እንይ። ማጀት ገብተን ጭሱ በየት እንደሚወጣ እንይ። ውኃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ እንጠይቅ። ያየነውን በወረቀት ጽፈን ሐኪም ቤት ስንሄድ ይዘን እንግባ፤ ሐኪሙም «ምንም የለም» ሊል ሲል «ዶክተር፥ እባክዎ ኮሪደሩ ላይ አንድ ጊዜ ያስኪዱልን» እንበለው። ሊቆጣ ይችላል። ይቆጣ።

የጓደኛችን እናት ዛሬ የሚነፋ መድኃኒት አላቸው፤ ከመድኃኒት ቤት ሲጠፋ ደግሞ የላቸውም። ማጀቱ መስኮት ተከፍቶለታል፤ ምድጃውም ወደ በሩ ተጠግቶአል። ነርሷ ለሁለተኛ ጊዜ ባስኬደቻቸው ጊዜ ከፊተኛው አንድ ዙር ተኩል ጨምረው ሄዱ። «አልፎ አልፎ ዐረፍ ማለቴ አልቀረም፤ ግን አሁን ለምን እንደምቀመጥ ዐውቃለሁ» ብለው ለልጃቸው ነግረውታል። ታናሽ እኅቱ ወደ ትምህርት ቤት ተመልሳለች፤ ውኃውን በከፊል አጎታቸው በአህያ ያመጣል።

የሠላሳ ሜትር ገመድ በየአምስት ሜትሩ ቋጠሮ አድርገንበት በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት አስቀምጠናል። ለዕረፍት ይዞት የሚሄድ ሰው ስሙን በመዝገቡ ላይ ይጻፍ፤ ሲመለስም ይመልሰው፤ አንድ ብቻ ነውና።